«ተሠርቷል» ብላ ፈርማ ነበር

በሆስፒታሉ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያዋን እውነተኛ ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ለሌላው ሁሉ «አትንኩት» ናት። ኮምፒውተር ተበላሸብኝ ብሎ የደወለላት ሁሉ ከሰላምታ በፊት የሚሰማው ይህንኑ ቃል ነው። እሷም ቅጽል ስሙን አልጠላችውም፤ ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ አትንኩት ነኝ» እስከማለት ደርሳለች። ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ መንካት ከማንም በላይ የምትፈራው ራሷ መሆኗን ነው።

ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍሏ አንድ ሰርቨር አለ። ከውጭ ሲያዩት አንድ ሳጥን ነው፤ በውስጡ ግን አሥራ አንድ ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች፣ ይሠራሉ፤ አንዱ የላቦራቶሪው፣ አንዱ የደም ባንኩ፣ አንዱ የካርድ ክፍሉ፣ እንዲህ እያለ። አሥራ አንድ ተከራይ ያለበት ግቢ በሉት። ተከራዮቹ አይተያዩም፤ የሁሉም ቁልፍ ያለው ባለቤቱ ዘንድ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ሁሉንም ተሸክሞ የሚያሠራቸው ሶፍትዌር ነው።

ከአሥራ አራት ወር በፊት ከሶፍትዌሩ አምራች ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ግድግዳው ቀዳዳ አለው፤ አንዱን ተከራይ ያታለለ ሌባ በዚያ ሾልኮ ባለቤቱ ክፍል ሊገባ ይችላል፤ ማሻሻያውን ጫኑ፣ ከዚያም ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አስነሱ ይላል። መጫኑን ጫነችው። ማጥፋቱን ግን አላጠፋችም። ሰርቨሩ ጠፍቶ ካልተነሳ ማሻሻያው ተጋድሞ ይተኛል እንጂ ሥራ አይጀምርም፤ ይህን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ በሆስፒታሉ የለም። እንዲያም ሆኖ የደህንነት ቁጥጥር ቅጹ ላይ «ተሠርቷል» ብላ ፈረመች። በሚቀጥለው ሳምንት አጠፋዋለሁ እያለች ነው እንግዲህ፣ እንደ ሁላችንም።

ፍርሃቱ ከየትም አልመጣም። በወጣትነቷ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁ በደህና ያጠፋችው ሰርቨር ሳይነሳ ቀርቷል። የሁለት ዓመት መዝገብ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የማጥፊያው ትእዛዝ ላይ ጣቷን ባሳረፈች ቁጥር መልሳ ታነሳዋለች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ቀን እራት ላይ ነገሩን አጫወተችው።

«እና ቀዳዳውን ደፈንሽው ወይስ አልደፈንሽውም?»

«ጨርቁን አስቀምጬበታለሁ። አልተሰፋም።»

«እንዴት ተደርጎ ይሰፋል? ሰውየው ሱሪውን ሳያወልቅ ልትጥፊለት ነዋ የምትፈልጊው።» እየሳቀ ጀርባዋን መታ አደረጋት። «አስወልቂው በቃ።»

«አውልቆ መልሶ መልበስ ቢያቅተውስ?» አለችው። እሷ አልሳቀችም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቆይቶ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ መጣ። በዚያው ቀዳዳ ሌቦች እየገቡበት ነው ይላል። በምሳ ሰዓት ሹልክ ብዬ አጥፍቼ ላስነሳው ብላ ቆረጠች። ከተነሳ ፊርማዋ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እውነት ይሆናል፤ ማንም ምንም ሳይሰማ ነገሩ ያልፋል። ሥራዋም ስሟም ይተርፋል።

ለየክፍሉ ከደወለች በኋላ ለላቦራቶሪው ኃላፊ ደወለች። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት በወረቀት ይሥሩልኝ። ሰርቨሩን ላጸዳው ነው።»

«አትንኩት ራሷ ልትነካው?» አሉ። «ዛሬ ጉድ ነው የምናየው።»

አጠፋችው። የማቀዝቀዣ ማራገቢያዎቹ ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ነበር ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው። መልሳ አበራችው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ አንድ ደቂቃ ቆየ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አራት። በስድስተኛው ደቂቃ ጽሑፍ መጣ፤ ከዚያ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ተነሱ። አሥራ አንድም ሞሉ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ሳቀች። ለጋሼም ደውላ ተነስቷል አለቻቸው።

ከዚያ ለወጉ ያህል የመግቢያ መዝገቡን ከፈተች። «ባካፕ አንድ» የሚባለውን፣ የመዝገቦቹን ቅጂ የሚያስቀምጠውን ተጠቃሚ ራሷ ናት የፈጠረችው። ከሥሩ «ባካፕ ሁለት» የሚባል አለ። ባካፕ ሁለትን እሷ አልፈጠረችውም፤ ከእሷ በቀር ደግሞ የመፍጠር ሥልጣን ያለው የለም። የተፈጠረው ከአርባ ቀን በፊት ነው። የባለቤቱን ቁልፍ በሙሉ ይዟል። ለመጨረሻ ጊዜ የገባው ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ እዚሁ ወንበር ላይ ሻይ ስትጠጣ።

ቀዳዳውን የደፈነችው ሌባውን ከውስጥ አስቀምጣ ኖሯል።

«ባካፕ ሁለት»ን ማጥፋት የአንድ ጣት ሥራ ነው። መዝገቡም አብሮ ይጸዳል፤ ያየ የለም፣ የሚጠይቅ የለም። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር። ሌባው ግን ሌላ ምን ደብቆ እንደሄደ በምን ታውቃለች? ስሙን ብታጠፋው እሱ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ዱካው ነው። ተነሳችና የኔትወርኩን ገመድ ነቀለችው። ሆስፒታሉ በሙሉ ቆመ። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

«ተነስቷል አላልሽኝም?» አሉ ጋሼ።

«ተነስቶ ነበር። እኔ ነኝ ያቋረጥኩት። ጋሼ፣ ሰው ገብቶብናል። ተሠርቷል ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው። አሥራ አራት ወር ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።»

ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ምነው በተሰደበች።

«የገባው ሰው ውጤት መለወጥ ይችላል?»

«ይችላል።»

«የደም ዓይነትም?»

«እሱንም።»

«ለውጧል?»

«አላውቅም።»

«ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው ቀዶ ሕክምና ይገባል» አሉ። «አስቁሜ እመጣለሁ።»

እስኪመጡ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ደውላ ያንኑ ቃል ደገመችው። ሥራ አስኪያጇ «ከዚያ ክፍል እንዳትወጪ» ብላ ዘጋችባት።

ጋሼ በእጅ የሚጻፈውን ትልቁን የላቦራቶሪ መዝገብ ታቅፈው ወረዱ። ፊቷን አላዩም። የሁለቱን ታካሚዎች ደም ዓይነት ከመዝገቡ አነበቡ፤ እሷ ከስክሪኑ አነበበች። ሁለቱም ገጠመ። እፎይ ብላ ወንበሩን ተደገፈች።

«ከገባ ስንት ቀኑ ነው?»

«አርባ።»

ጋሼ ገጾቹን ወደኋላ መግለጥ ጀመሩ። ብዙ ነው። አርባኛው ቀን ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፉ።

«ከዚህ ወዲህ ያሉት ግን ስክሪኑ ያለውን ደም ወስደዋል» አሉ ቀስ ብለው። «አንብቢ።»

ወደ ስክሪኑ ዞራ የመጀመሪያውን ስም ፈለገች።