የሲኞራዬ ዕጩና የልጄ ዕጩ

ሲኞራዬ ድንች የሚልጡት በልጄ ዕጩ ፊት ላይ ነበር። ሮማ ውስጥ ቤታቸው የምሠራላቸው ጣሊያናዊት ባልቴት ናቸው። በምርጫው ሰሞን በየፖስታ ሳጥኑ የሚከተተውን ወረቀት ሰብስቤ ስገባ ለሁለት ይለዩታል። የራሳቸው ፓርቲ ሰው ፎቶ ያለበትን ከሬዲዮናቸው አጠገብ ያቆሙታል። የሌላው ፓርቲ ዕጩ ሴት ናት፤ የእሷን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያነጥፉና ልጣጩን ያራግፉባታል።

«ቢያንስ ለዚህ ትጥቀመን» ይላሉ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ «ሲ፣ ሲኞራ» ብዬ እስማማለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ያቺ ልጣጭ የሚራገፍባት ሴት፣ ልጄ ትምህርቷን እየተወች ወረቀት የምትበትንላት ሰው ናት። ሲኞራዬ ይህን አያውቁም። እንዳያውቁም እኔ ስንት ጊዜ ወሬ አስለውጫለሁ።

ሮማ ሰፊ ስለሆነች በየአካባቢው ተከፋፍላ ነው የምትተዳደረው። እያንዳንዱ አካባቢ ሕዝቡ የሚመርጠው የራሱ ፕሬዚዳንት አለው። ሥራው የመናፈሻ ሣር ማሳጨድ፣ የእግረኛ መንገድ ማስጠገን፣ የሕፃናት መዋያ መክፈት ነው። ይህን ያስረዳችኝ ልጄ ናት። እኔ ከአምስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ፕሬዚዳንት ሲባል የሚታየኝ ወታደር የሚያጅበው ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምንገናኝ ሴቶችም ከእኔ አይሻሉም።

«የሲኞራሽ ሰዎች ካሸነፉ ፔርሜሷችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ይቀሙናል» አለች አንዷ።

«እሷ እንኳ ዜግነት አግኝታለች» አለች ሌላዋ ወደ እኔ እያመለከተች።

«የሰጡትን መልሰው መውሰድ ያቅታቸዋል?» አለች የመጀመሪያዋ።

ተሳስቀን ተለያየን። እኔ ግን ቤቴ ስገባ በመጀመሪያ ያደረግሁት ወረቀቶቼ በቦታቸው መኖራቸውን ማየት ነው። ሰው ሁሉ ይሥቅብኛል፤ ጋዙን ሁለት ጊዜ ሳላይ ከቤት አልወጣም። ተፈጥሮዬ ነው።

በምርጫ ግን የምፈራው በተፈጥሮዬ ብቻ አይደለም። ባደግሁበት ሰፈር ከአንድ ቧንቧ የምንቀዳ ጎረቤታሞች ነበርን። አንድ ጊዜ ምርጫ ደረሰና እገሌ የእነዚያ ደጋፊ ነው፣ እገሊት የእነዚህ ናት መባል ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የጎረቤታችን ሚስት ጀሪካኗን ይዛ ስትመጣ እናቴ ፊቷን አዙራ ትቆማለች። ያቺ ሴትዮ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ናት። ምርጫው አለፈ፤ ፊት መዞሩ ግን አላለፈም። በለቅሶ ቤት እንኳ ተለያይተው ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ እኔ የማንም ሳልሆን፣ ስሜ ከማንም ጋር ሳይነሣ መኖርን መረጥሁ። ልጄን ግን እንደዚያ አላሳደግኋት ኖሯል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የፓርቲዋን ምልክት ደረቷ ላይ አድርጋ መስታወት ፊት ቆማ አገኘኋት።

«እማ፣ እሑድ የፓርቲያችን ተወካይ ሆኜ ምርጫ ጣቢያ እቀመጣለሁ። ድምፅ ሲሰጥ፣ ሲቆጠር፣ ሁሉን እከታተላለሁ።»

«የት?»

«እዚህ ትምህርት ቤቱ ነዋ።»

«ሲኞራ የሚመርጡበት?»

«አንቺም የምትመርጪበት!» አለች እየሣቀች።

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። «ሌላ ጣቢያ እንዲሰጡሽ ለምኚያቸው።»

«ለምን?»

«ሲኞራ ያንን ምልክት ደረትሽ ላይ ካዩ በማግስቱ ሌላ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ይህን ቤት በምን እንከራየዋለን?»

«በዚህ ምክንያት ማባረር አይችሉም። ሕገ ወጥ ነው።»

«ሕጉ መጥቶ ይለምንልኛል?»

ልጄ አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ስትናደድ ግን ወደ ጣሊያንኛ ትገባለች። ያን ቀን ግማሽ ላይ ቆመች። «ማ ዳይ፣ ተይ እንጂ እማ! እንደዚያ ዓይነት ሰው የሚመርጡ ከሆነማ ድሮም አያከብሩሽም። ያንን ሰውዬ ታውቂዋለሽ? ውሸታም ነው። ሰፈሩን ለባለ ገንዘብ ይሸጠዋል። ለሰው አያዝንም።»

«አግኝተሽው ታውቂያለሽ?»

«ማግኘት አያስፈልገኝም።»

 በዚያው ዕለት ጠዋት ሲኞራዬ ስለ ሴትየዋ ያሉት ይኸንኑ ነበር። ውሸታም ናት፣ ሰፈሩን ትሸጠዋለች፣ ለሰው አታዝንም። እሳቸውም አግኝተዋት አያውቁም። ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን እየሰማሁ የምውል እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው መሆኑ የገባኝም እኔ ብቻ ነበርኩ። ያንን ሰው ግን ከሁለቱም ፎቶ ላይ ላገኘው አልቻልኩም።

በዚያው ሳምንት የሲኞራዬ ዕጩ ወደ ሕንፃው ግቢ መጣ። ሲኞራዬ ባለ ጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ ወረዱ፤ ወንበር አውርጄ አስቀመጥኳቸውና ከኋላቸው ቆምኩ። ሰውየው ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ እጅ ይጨብጣል። የቤተ ክርስቲያኗ ሴት ያለችው ትዝ ብሎኝ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብኩ። ሲቀርበን ሳየው ግን በላብ ርሷል፤ የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፎ አንዱ ኮሌታው ከሌላው ከፍ ብሏል። ሲኞራዬ በር ላይ ያለው የጥድ ዛፍ ሥሩ የእግረኛውን መንገድ እንደፈነቀለው ነገሩት። ሰማቸው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ።

«እርስዎስ ሲኞራ፣ እዚያ መንገድ ላይ ምን ያስቸግርዎታል?»

አልፎኝ ያያል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። «መደገፊያቸው... ጎማው ሥሩ ላይ ይያዛል። አንድ ቀን እንዳይወድቁብኝ እፈራለሁ» አልኩ። መናገር ከጀመርኩ ዘንድ አፌ አልዘጋ አለኝ። «ደግሞ ቁልፍዎ።»

ሰውየው ደረቱን አየና ሣቀ። ወደ ግድግዳው ዞሮ አስተካክሎ ተመለሰ። «ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው አየኝ፤ አንድ ሰው አልነገረኝም» አለ።

ለልጄ ስነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ቁልፉን አስተካከልሽለት?»

«ነገርኩት እንጂ አላስተካከልኩለትም።»

«እንደዚያው ፎቶ ይነሣ ነበራ!»

«እናት የለውም እንዴ? ሰው ነው።»

«ሰው አይደለም ማን አለ?»

«አንቺ» አልኳት።

እየተቆጣች ትነሣለች ስል ቀስ ብላ አሰበች። «እሺ፣ ሰው ነው» አለች። «ምናልባትም ደግ ሰው ነው። ግን መዋያዎቹን በተመለከተ የሚለው ትክክል አይደለም፤ የሠራተኛ ልጆች ውጭ ይቀራሉ። ደግነቱን አይቼ ይህን ልተወው?»  እውነቷን ነው። እኔ ልጄን ይዤ መዋያ ለማግኘት የዞርኩትን ዙረት ታስታውሳለች።

«ሂጂ እንግዲህ፣ ተቀመጪ» አልኳት። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ሲኞራን ይዤ ስገባ እንደማታውቂኝ ሁኚ።»

ዓይኔን ትክ ብላ አየችው። «እናቴን?»

«ለትንሽ ደቂቃ። ድምፃቸውን ሰጥተው እስኪወጡ።»

«ቫ ቤኔ» አለች። ፊቷ ግን እሺ አላለም።

እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ሲኞራዬ ዘንድ ሄድኩ። ፀጉራቸውን አስተካክለው፣ የሉል ጉትቻቸውን አድርገው ጠበቁኝ። እኔም የራሴን የመራጭነት ካርድ ይዣለሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። መንገዱን ሁሉ ስለሴትየዋ ክፋት እየነገሩኝ ትምህርት ቤቱ ደረስን።

ከመግባታችን በፊት በበሩ አጮለቅሁ። ልጄ ዳር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የሲኞራዬን ፓርቲ ምልክት ያደረጉ ሽማግሌ አሉ፤ የዚያኛው ወገን ተወካይ ናቸው። መሐላቸው በወረቀት ከረጢት ቼሪ አለ። ሁለቱም እየበሉ ፍሬውን አንድ የወረቀት ብርጭቆ ውስጥ ይተፋሉ። ይህን እናቴ ብታይ ምን እንደምትል አላውቅም። ልጄ አየችኝና ቃሏን ጠብቃ ዓይኗን ሰበረች። ተነፈስኩ።

ከዚያ ሲኞራዬ መደገፊያቸውን ደፉን አሻግረው ገቡ።

ልጄ ትንሽ ሆና ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ በነበረው የስደተኞች ማዕከል ኖረናል። እዚያ ከሰው ወንበር ያንስ ነበር። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለሽ «ኖር» በዪ፣ ወንበርሽን ልቀቂ እያልኩ ያስተማርኳት እዚያ ነው። ደጋግሜ ስላስተማርኳት ማሰብ አያስፈልጋትም። ሲኞራዬ ገና ከመግባታቸው ልጄ ብድግ አለች።

«ኖር!»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ወንበሯን አንሥታ ሲኞራዬ ፊት አስቀመጠች። ያደረገችው የገባት ያኔ ነው፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሲኞራዬ ወንበሩን አዩ። እሷን አዩ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለችኝ? ይኼ አንቺ በስልክ የምታወሪው ቋንቋ አይደለም እንዴ?»

 የአገሬ ልጅ ናት ማለት እችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልጄ ታየኛለች። አትለምነኝም፣ አትቆጣኝም፤ የምለውን ብቻ ትጠብቃለች። የኪራዩም ነገር፣ የሥራውም ነገር ራሴ ውስጥ ነበር፤ ግን እሷ እንደዚያ ቆማ እያየችኝ ሌላ ነገር ማለት አቃተኝ።

«ልጄ ናት፣ ሲኞራ» አልኩ።

መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። ምልክቱን አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ እንደገና ምልክቱን አዩ።

«ያቺ ያሳየሽኝ የልጅነት ፎቶ ላይ ጥርስ የሌላት?»

«በቅሎልኛል» አለች ልጄ።

ቼሪ የሚበሉት ሽማግሌ ሣቁ። ሲኞራዬ አልሣቁም።

«ከእነዚያ ጋር ናት?» አሉኝ።

«ከእነዚያ ጋር ናት።»

«እና ያ ሁሉ ድንች ሲላጥ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ!»

«የምን ድንች?» አለች ልጄ።

«በኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት በአማርኛ።

ሲኞራዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ እኔ የሌላ ሥራ ፍለጋዬን ከየት እንደምጀምር አስቤ ጨርሻለሁ። ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ልይዛቸው ተጠጋሁ።

«አንቺ አይደለሽም። ያቺ።»

ልጄ ደግፋ እስከ ድምፅ መስጫው መጋረጃ ወሰደቻቸውና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ድምፃቸው ከውስጥ መጣ።

«እንዳታዪ!»

«አላየሁም፣ ሲኞራ።»

«ብታዪም የምትለውጪው ነገር የለም!»

«ሲኞራ፣ እባክዎ በጸጥታ» አለ የጣቢያው ኃላፊ።

ከእሳቸው ቀጥዬ እኔ ገባሁ።  ሁለቱ ስሞች እዚያ ወረቀት ላይ ከሌሎች ዕጩዎች መሐል ጎን ለጎን ተጽፈው ዝም ብለው ይታያሉ፤ አንዱ ከሌላው የሚያስፈራ አልነበረም። ስለ መንገዱም ስለ መዋያውም አሰብኩና ምልክት አደረግሁ። የማን ላይ እንደሆነ ልጄም ሲኞራዬም ብዙ ጊዜ ጠይቀውኛል፤ አልነገርኳቸውም፣ አልነግራቸውምም። ድምፄ የእኔ ናት።

ስንመለስ ሲኞራዬ መደገፊያቸውን እየገፉ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። የቤቱን በር ስከፍትላቸው ስንብቴን እየጠበቅሁ ነበር።

«የእህቴ የልጅ ልጆች ስገባ ከስልካቸው ቀና አይሉም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «በዚህ ሳምንት ልጅሽን ይዘሻት ነይ። እነዚያ ሰዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ የነገራት የለም፤ እኔ በፊቷ እነግራታለሁ። አንቺ ደግሞ ነገ አትዘግዪ፣ መድኃኒቴ ከጠዋቱ ነው።»

ምርጫው ያን ጊዜ አልተቋጨም። ከዕጩዎቹ ማንም ከግማሽ በላይ ድምፅ ስላላገኘ፣ በሁለቱ መካከል ለሁለተኛ ዙር እንደገና ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ረቡዕ ልጄን ይዤ ሄድኩ። አሳንሰሩ ውስጥ «ትልቅ ሰው መሆናቸውን እንዳትረሺ» አልኳት። «አልረሳም» አለች፤ ማስታወሻ ግን ይዛ ነበር።

ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ነገሩ የጥዱ ዛፍ ላይ ደርሷል። የሲኞራዬ ዕጩ ይቆረጥ ይላል፤ የልጄ ዕጩ ዛፉ ይቆይ፣ መንገዱ በዙሪያው እንደ አዲስ ይሠራ ትላለች።

«እኔ እስክሞት ነው መንገድ የሚሠሩት?»

«ዛፉ ከተቆረጠ ሐምሌ ላይ የት ጥላ ነው የሚቀመጡት፣ ሲኞራ?»

«አሎራ፣ እና ያቺ ሴትዮሽ ጥላ ልትይዝልኝ ትመጣለች?»

«እኔ እመጣለሁ።»

«አንቺ አይደለሽም የምትወዳደሪው!»

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ሁለቱም አልተለወጡም፤ እስከ ዛሬም አልተለወጡም። ጎረቤት ይሰማል ብዬ ተሯሩጬ መስኮቱን ልዘጋ ሄድኩ። ሰምተው ኖሯል። ከታች ፎቅ አንድ ሰው «ልጅቷ ልክ ናት፣ ሲኞራ!» ብሎ ጮኸ። ከግቢው ማዶ ካለ መስኮት ደግሞ ሌላ ሴት «ኧረ አይደለችም! ቅርንጫፉ መኪናዬ ላይ ነው የወደቀው!» አለች። እጄን መስኮቱ ላይ እንዳደረግሁ ቆምኩ። ማንም ፊቱን አላዞረም፤ ሰው ሁሉ እንዲያውም ወደ ውጭ አንገቱን አውጥቷል።

መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ወንበር ስቤ ከሁለቱ መሐል ተቀመጥኩና «እኔንም ስሙኝ እንጂ፣ መደገፊያው ሥሩ ላይ ሲያዝ የምገፋው እኔ ነኝ» አልኩ።