የመታጠቢያ ቤቱ ቄጠማ

መታጠቢያ ቤት ውስጥ አትክልት ተከለች ብለው የሚስቁብኝ መተማ ውስጥ ብዙ ናቸው። ይሳቁ። እዚህ አገር በሚያዝያ ቀትር ጥላ ፍለጋ ከኒም ዛፍ ስር ከፍየል ጋር የተጋፋ ሰው፣ እርጥበት ያለው ክፍል ምን ማለት እንደሆነ ሳይነግሩት ይገባዋል። በእኛ ግቢ እንዲህ ያለ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ገላችንን የምንታጠብበት ነው።

ሽንት ቤቱ ራቅ ብሎ አጥሩ ጥግ ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ጠብ ስላመጣ ነው። መታጠቢያው ግን ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ተያይዞ የተሠራ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ብሎኬት የሆነ፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ የምትገባበት መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ጣሪያው ላይ ያለው በርሜል ከረፋድ በኋላ የሚያወርደው ውሃ ቆዳ ስለሚልጥ ሁላችንም በማለዳ እንታጠባለን። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሰው ሳይገባበት ቀኑን ሙሉ እንደረጠበ ይውላል።

እናቴን ከወገራ ያመጣኋት የአባቴ ተዝካር ከወጣ በኋላ ነው። ብቻዋን ቤቷን ይዛ ልትኖር ቆርጣ ነበር። አንድ ቀን ግን ከምንጭ ስትመለስ አዳልጧት ወደቀች፤ ከብት የሚነዱ ሰዎች እስኪያገኟት ድረስ ዝናቡ እየወረደባት እዚያው ቆየች። ደም ግፊትም አለባት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይል ነበርና ሄጄ፣ ለምኜም ተቆጥቼም አመጣኋት። ጎንደር ስናድር ከአንድ ችግኝ ሻጭ ፈርን የሚሉትን የደጋ ቅጠል ገዛሁ። እናቴንና ፈርኑን በአንድ አውቶቡስ ይዣቸው ወረድኩ፤ እናቴ መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ ታቅፋው ነበር።

ሁለቱም ቆላው አልተስማማቸውም። ፈርኑን በረንዳ ላይ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጬ ጠዋትና ማታ አጠጣሁት። ውሃውን እየጠጣ ደረቀ። ከገለጉ ቆላ በኩል የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ቅጠሉን እንደ ጥብስ አደረገው። እናቴ ደግሞ ሻንጣዋን አልጋው ስር ገፍታ አልፈታችውም። ነጠላ ስትፈልግ ታወጣና መልሳ አጥፋ ዚፑን ትዘጋዋለች። "ፋሲካን ውዬ ተቤቴ እገባለሁ" አለች። ምነው ስላት፣ "እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ ነው፣ ሲሰነብት ብር፣ ኋላ ብረት። ብረት ሳልሆን ልሂድ" አለችኝ።

የገና ዕለት ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። ገዝቼ ያመጣሁትን ቄጠማ አንስቼ በይ አንቺ ጎዝጉዢው አልኳት። በእኛ ቤት ቄጠማ መጎዝጎዝ የእሷ ሥራ ነበር፤ አባቴ እንኳ ነክቶት አያውቅም። እጇን ሰበሰበች። "የቤቱ እመቤት ቆማ እንግዳ አይጎዘጉዝም" አለች። ሳቅሁ እንጂ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ነው ያረፈብኝ። ልጇ ቤት ተቀምጣ እንግዳ ነኝ ስትል መስማት ያማል።

የደረቀውን ፈርን አፈሩ ለሌላ ይሆናል ብዬ ከነጣሳው መታጠቢያ ቤት አስቀምጬ ረሳሁት። ሳምንታት አልፈው ዓይኔን ሳነሳ፣ ከሞተው ግንድ መሃል የአራስ ልጅ ጣት የመሰለ አረንጓዴ ነገር ተጠቅልሎ ብቅ ብሏል። ለካ የጎደለው ውሃ አልነበረም፤ እርጥብ አየር ነው። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችውና፣ "ደገኛ ነው፤ ምን ያርግ" ብላ ወጣች።

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ይህ ክፍል ፈርኑን ካቆየው እናቴንስ ለምን አያቆይም? ቬንትሌተሩ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይሞታል፤ ቀትር ላይ አልጋው እንኳ ይፋጃል። አንድ ቀዝቀዝ ያለ፣ ለምለም የሚታይበት ጥግ ቢኖራት ትቆያለች ብዬ አሰብኩ። ለእሷ ነው ለራሴ ነው የምደክመው የሚለውን ጥያቄ አንስቼ ነበር፤ መልሱን ስላልወደድኩት ተውኩት።

ትራክተር ነጂ ባለቤቴ ሰሊጥ ማሳ ላይ አልቀው የተጣሉ የማረሻ ዲስኮች አመጣልኝ፤ የአትክልቱን ጣሳዎች የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሳሙናና ሽቶ የምትሸጠው ጎረቤቴ ከሱቋ ጓሮ የመኒ ፕላንት ሐረግ ቆርጣ በወተት ጣሳ ሰጠችኝ። እሷ ያደገችው ከድንበሩ ማዶ ነው። የሐረጉን ጫፍ በመስኮቱ ብረት ላይ ስትጠመጥም ቆይታ፣ "ዚር የሌለበት ቤት አይቀዘቅዝም፣ ወላሂ" አለችና የራሷን አሮጌ ዚር በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ አስጭና ላከችልኝ። ዚር የሱዳን ትልቅ የውሃ እንስራ ነው፤ ያልበዋል፣ ከታቹ ጠብ ጠብ ይላል፣ ባጠገቡ ያለፈ ሁሉ ይበርደዋል። ቄጠማውን ከሽንፋ ወንዝ ዳር ከነሥሩ ነቅዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ግማሹ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተከልኩትና የገላ ውሃው የሚወርድበት ቀዳዳ አጠገብ አኖርኩት። የሚባክን ውሃ እንዳይኖር ብዬ ነው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

እናቴ በማግስቱ ለመታጠብ ገብታ ሳትታጠብ ወጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

"ቄጠማ የበዓል ነው። ታቦት ሲወጣ የሚነጠፍ፣ ተቤተክርስቲያን የሚታደል ነው። አንቺ ተገላ እጣቢ ታጠጭዋለሽ? ሰው ራቁቱን በሚቆምበት?"

"ሽንት ቤት እኮ አይደለም፤ መታጠቢያ ነው።"

"ለኔ አንድ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ውሃ በሳፋ ወደ ክፍሏ እያስገባች መታጠብ ጀመረች። እኔም በግልፍታ፣ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ላንቺ ብዬ ነው እኮ የደከምኩት" አልኩ። "እኔ መቼ አዘዝኩሽ?" አለች። እውነቷን ነው፤ አላዘዘችኝም። ቄጠማውን አንስቼ መጣል ነበረብኝ፣ እልኬ አልፈቀደም። ማታ ባለቤቴ "እማማ፣ እርስዎ ካልወደዱት ነገ አወጣዋለሁ" ቢላት፣ "በሰው ቤት ምን አገባኝ ልጄ" አለችው። ያቺ "በሰው ቤት" የምትለው ቃል ዳግመኛ ወጋችኝ።

ጾሙ እንደተጋመሰ አንድ ቀትር መብራት ጠፋ። ከገበያ ስመለስ እናቴ ክፍሏ ውስጥ የለችም፤ በረንዳም የለችም። ሻንጣውን ሳላይ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የጎንደሩ አውቶቡስ ከወጣ ቆይቷል አሉኝ። ጫማዬ አስፋልቱ ላይ እየተጣበቀ፣ ደም ግፊቷን እያሰብኩ፣ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ሻንጣው አልጋው ስር አለ። በጓሮ በኩል ዞሬ የመታጠቢያውን በር ገፋሁት።

እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ዚሩ ላይ አስደግፋ፣ እግሮቿን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። የመኒ ፕላንቱ ቅጠል ከነጠላዋ በላይ ተንዘርፍፏል። ፈርኑ በጎኗ ነው። ቄጠማው ግን ከቀዳዳው አጠገብ የለም፤ ዚሩ ስር፣ ንጹሁ ውሃ ጠብ በሚልበት ቦታ ተቀምጧል።

"ወዴት ነው የሮጥሽው?" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

"የትም።"

"በሩን ዝጊው፣ ሙቀቱ ይገባል።"

ዘጋሁትና ወጣሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀትሯን እዚያ ታሳልፋለች። ቢጫውን ቅጠል ትለቅማለች፣ ሐረጉን ታቃናለች፣ ጎረቤቴም አንዳንዴ ሱቋን ዘግታ ትመጣና ሁለቱ ዱካ ስበው ያወጋሉ። "ኩወይስ፣ ጥሩ ነው እዚህ፣ እማማ። ከነገ ጀምሮ ኪራይ ያስከፍሉኝ" ስትላት እናቴ ትስቃለች። መሄዷን ግን አልተወችም። "ተፋሲካ በኋላ የሚወጣውን አውቶቡስ ጠይቂልኝ" ትለኛለች፤ እኔም እጠይቃለሁ እያልኩ አልጠይቅም።

ፋሲካ ደረሰ። በዚያ ሰሞን ከደጋ የሚመጣው መኪና ስለቀረ ገበያው ላይ ቄጠማ ጠፋ። የቆላው ወንዝ ዳርም በሚያዝያ ቢጫ ነው። ቅዳሜ ሹር ቤተክርስቲያን የሚታደለው፣ ርግቧ ለኖኅ የውሃውን መጉደል ያበሰረችበት የሚባለው ለምለም እንኳ ለብዙው ሰው አልደረሰም። አንዳንድ ቤት የፕላስቲክ ሣር ተነጠፈ። እኔ ያን ዕለት የበዓል ቀሚስ ልጨርስ ከስፌት መኪናዬ ላይ ሳልነሳ ዋልኩ።

ደንበኞቼን ሸኝቼ ወደ ሳሎን ስገባ ሽታው ቀደመኝ። ወለሉ አረንጓዴ ነው። ከበሩ እስከ ግድግዳው ቄጠማው ስስ ሆኖ፣ ጥግ ጥጉን ሳይለቅ ተጎዝጉዟል። ምን ማለት እንደሆነ ሳላስብ ወደ መታጠቢያው ሮጥኩ። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ጉቶ የተላጨ ራስ ይመስላል። የዚሩ ሥር ራቁቱን ቀርቷል። ያን ሁሉ ወር ያሳደግሁት ነው፤ ደሜ ፈላ።

"ምን አደረግሽ?" እያልኩ ተመለስኩ።

እናቴ ሳሎኑ መሃል ቆማለች። ራሷ ላይ ቀጭን ቄጠማ አስራለች፤ በእጇ ደግሞ ለእኔ የቀረውን ይዛለች።

"አጨድኩት" አለች። "በዓል እኮ ነው። በፕላስቲክ ነው የምንውለው?"

"ሳትጠይቂኝ?"

"በገዛ ቤቴ ማንን ልጠይቅ?"

ከአፌ ሊወጣ የነበረው ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። እሷ ግን የተናገረችውን የሰማችው አልመሰለኝም፤ ጎንበስ ብላ በእግሬ የረበሽኩትን ቄጠማ ታስተካክል ነበር።

"ሥሩን አልነካሁትም" አለች። "ዝናብ ሲመጣ እጥፍ ይሆናል። ለእንቁጣጣሽ ይበቃናል።"

"እንቁጣጣሽ ማን ይጎዘጉዘዋል?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የያዘችውን ቄጠማ ራሴ ላይ ጠምጥማ አሰረችልኝ።

"እኔ ነኛ" አለች። "አንቺማ አብዝተሽ እየበተንሽ ትፈጂዋለሽ።"