በክፍሉ በር ላይ የተነፈግሁት ሰላምታ

አጎቴ ከሚሴ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ሲያስተምሩ ጠዋት ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ቆመው ተማሪውን ሁሉ እንደየቤቱ ወግ ይቀበሉ ነበር። የገበሬውን ልጅ «አከም ቡልቴ? ላሟ ወለደች?» ይሉታል። የሼኩን ልጅ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ይጨብጡታል። የቄሱን ልጅ «እንደምን አደርሽ? እናትሽ ተሻላቸው?» ይሏታል። ለእኔ ግን «ግቢ» ብቻ ነበር። ከጨፋ ሮቢት ለትምህርት መጥቼ እሳቸው ቤት የምኖር የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ በቅናት እርር ድብን እል ነበር።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ እኔን የማይጠይቁኝ ምን አጥፍቼ ነው?» ብዬ አለቀስኩ።

ሳቁብኝ። «አንቺማ ሌሊቱን ስትስዪ ሰምቼሻለሁ። የምጠይቀው የማላውቀውን ነው» አሉኝ።

አልተዋጠልኝም። ሲሞቱም የድሮ ተማሪዎቻቸው ከባቲ ሳይቀር መጥተው ድንኳኑን ሞሉት፤ ሁሉም «አባቴ ነበሩ» እያሉ ያለቅሳሉ። እዚያም ቀናሁ። የማን አባት ነው የሚሉት? ተነሡ ብዬ ባስወጣቸው ደስ ባለኝ!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለቀስተኛው ሁሉ በየተራ «እንዴት አደርሽ?» አለኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና» አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስስል ነበር ያደርኩት። ሳይጠይቀኝ ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም።