ቀይ ጥሩር

ትናንት ከሰዓት ስድሳ ወታደር በቅርጫት ተሸክሜ በፈላና በር ወደ ሐረር ግንብ፣ ወደ ጀጎል ገባሁ። የበሩ ዘበኛ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም...

ወታደሮቹ ከወይራ የቀረጽኳቸው ናቸው፤ ቁመታቸው አንድ ጣት አይሞላም። አናጢ ስለሆንኩ ቁርጥራጭ እንጨት ሞልቶኛል። ጣጣውን ያመጡት ግን አው ዩሱፍ ናቸው። ቁርአን የሚጠርዙ የጀጎል ሰው ናቸው፤ «አው» የሚባለው የተከበረ ሽማግሌ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሰንጠረዥ ሲያሸንፉኝ ኖረው፣ ባለፈው ወር ተማረርኩና «በሌላ ጨዋታ እንጋጠም! ሁለት ሙሉ ጦር ቀርጬ አመጣለሁ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። «ግን ጠመንጃ አትስጣቸው። የጥንት ሰዎች ይሁኑ፤ ጥሩር ይልበሱ።»

ያን ጊዜ ብዙም አላሰብኩበትም። ጥሩር ያው የድሮ ተዋጊ የብረት ልብስ ነው፤ መቅረጹ አላስቸገረኝም። ያሳበደኝ ቀለሙ ነው። የራሴን ጦር ጥላሸት በኑግ ዘይት ለውሼ ቀባሁት፤ ቁርጥ ብረት መሰለ። የእሳቸው ግን እምቢ አለኝ። አረንጓዴ ብሞክር ጦሩ የጫት ማሳ ሆነ። ቢጫ ብሞክር ሠላሳውም የወፍ በሽታ የያዛቸው መሰሉ። ሚስቴ «ለእንጨት ይህን ያህል?» እያለች ሳቀችብኝ። እኔ ግን ደስ እንዲላቸው ፈልጌ ነበር። በዚህ ከተማ ሳልሳቀቅ የምቀመጥበት የሰው ቤት ቢኖር የእሳቸው ነው።

በመጨረሻ ያ ቤት ራሱ ትዝ አለኝ። የምንጫወትበት መደብ፣ ወለሉ፣ ሁሉም በቀይ አፈር የተቀባ ነው። የጎረቤቶቻቸውም እንደዚያው። «ይህን ቀለም ቢወዱት ነው» አልኩና ከገበያ ቀይ አፈር ገዝቼ የሠላሳውንም ጥሩር ቀባሁ። እንዴት እንዳማረባቸው!

ትናንት እንግዲህ መደቡ ላይ ደረደርኳቸው። ጥቁሮቹ በእኔ በኩል፣ ቀዮቹ በእሳቸው በኩል።

አው ዩሱፍ አንዱን አነሱ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት... መልሰው አስቀመጡት። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው አዩና «ያ ረቢ!» አሉ።

«ምን አጠፋሁ?» አልኩ።

«ልጄ» አሉ አው ዩሱፍ፣ «ይህን መደብ ለምን ቀይ የምንቀባው ይመስልሃል?»

«ስለሚያምር...»

«ጨለንቆ ጦርነት ላይ ከተማችንን ሲከላከሉ ለወደቁት ነው። ደማቸው ነው። አባቴ ሄዶ በቀረበት ቀን የጫማውን ጠፍር ያሰረው እዚህ ተቀምጦ ነው፤ ሰባት ዓመቴ ነበር። አንተ የእኔን ሰዎች ገና ሳይዋጉ ገድለህ አመጣህልኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የጠመንጃው ነገርም ያኔ ገባኝ፤ የጨረሳቸው ጠመንጃ ነው። የባሰው ደግሞ ስድስት ዓመት ያልነገርኳቸው ነገር ነበረኝ። ልዋጠው አልኩ... አልዋጥልህ አለኝ።

«አው ዩሱፍ... አባቴም ጨለንቆ ነበር። በሸዋ ጦር በኩል።»

«አውቃለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ታዲያ ሐረር በምን መጣችሁ ብዬ ላስብ? እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩህ።»

«ከታናሽ ወንድሙ ጋር ዘምቶ ብቻውን ነው የተመለሰው» አልኳቸው። «ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሞተ።»

«ለወንድሙስ ምን ቀባችሁለት?» አሉኝ።

ቤታችንን አሰብኩ። በየዓመቱ ለፋሲካ ኖራ እንቀባለን፤ ድፍን ነጭ። «ምንም» አልኩ።

«ከአፈሩ የተረፈ አለህ?»

የተላጠ ቢኖር ላድስ ብዬ በጣሳ በጥብጬ ይዤ ነበር። ተቀበሉኝ። ጣታቸውን ነከሩና ከእኔ ጥቁሮች አንዱን አንስተው ቀስ ብለው ቀቡት።

«ይህ አጎትህ ይሁን» አሉና ጣሳውን ወደ እኔ ገፉት።

ጀምበር ጠልቃ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ አብረን ስንቀባ ቆየን። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

አሁን ስድሳውም ቀይ ናቸው። የትኛው ወታደር የማን እንደሆነ ስለማይለይ... ጨዋታው ቀርቷል።