ብስክሌት ጠጋኟ እና የቀደድኩት ካርድ

ሶዶ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በላይብረሪ ረዳትነት የተቀጠርኩ ቀን፣ ገና ምሳ ሳይደርስ አርባ መጽሐፍ ላይ ማህተሙን ገልብጬ መታሁ። ኃላፊዬ ጋሽ ጴጥሮስ የጉኑኖ ሰው ናቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "አበበች፣ አንባቢው ተዘቅዝቆ ነው እንዴ የሚያነበው?" አሉኝ።

ከዚያ ሥራውን አሳዩኝ። በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ የወረቀት ኪስ ይለጠፋል፣ ኪሱ ውስጥ ካርድ ይገባል። ሰው ሲዋስ ስሙንና ቀኑን ካርዱ ላይ እንጽፍና ካርዱን ጠረጴዛችን ላይ እናስቀራለን። መጽሐፉ ሲመለስ ካርዱ ወደ ኪሱ ይገባል።

ያንኑ ቀን አንድ አባት መጥተው ልጃቸው ምን እንደሚያነብ ጠየቁ።

"መጽሐፍ ያነባል" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

"ምን ዓይነት መጽሐፍ?"

"ገጽ ያለው።"

ሰውዬው እየሳቁ ሄዱ። ጋሽ ጴጥሮስ ግን አልሳቁም። "ካርዱ ለቆጠራ ነው፣ ለወሬ አይደለም" አሉኝ።

እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ እኔ ኃላፊ ሆንኩ። እኔም ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ በእርዳታ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች በካርቶን መጡ። ደንቡ መጽሐፍ ሳይነበብ መደርደሪያ ላይ አይወጣም ነው። እኔ ሰነፍኩ። የአንዱን ጀርባ ብቻ አየሁት፤ በአባቷ ሱቅ ውስጥ ብስክሌት ስለምትጠግን ልጅና ስለ ልብ ጓደኛዋ ይላል። "ጎሽ፣ ባለሙያ!" ብዬ "ቤተሰብና ጓደኝነት" የሚለው መደርደሪያ ላይ፣ ከመንፈሳዊ ምክር መጻሕፍቱ ጎን ሰካሁት።

ምህረት ከሁምቦ መጥታ ሶዶ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ያንን መጽሐፍ አራት ጊዜ ተዋሰችው።

"አንቺ ልጅ፣ ልታገቢው ነው እንዴ?" አልኳት።

አልሳቀችም። "እትዬ፣ አንብበውታል?" አለችኝ።

አፈርኩ። ቅዳሜ መዝገበ ቃላት ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ፤ ልጅቷ የምታፈቅረው ያችኑ ጓደኛዋን ነው። "ጉድ ፈላ!" ብዬ ዘጋሁት። የመዘምራን አባል ነኝ እኮ! ግን እናቷ ስትሰማ ምን ትል ይሆን የሚለው አላስቀምጥ አለኝና መልሼ ከፈትኩት። እናትየው አለቀሰች፣ በኋላ "ነይ፣ እራቱ ሳይቀዘቅዝ ብዪ" አለቻት። እኔም ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰኞ ዕለት "አነበብኩት" አልኳት።

ምህረት ዙሪያዋን አየች። "አትሞትም፣ አዩ አይደል እትዬ? እንደኔ ያለ ሰው ወሬ ላይ ሲነሳ ወይ ይረገማል ወይ ይሞታል። ይቺ ግን ብስክሌቷን ትጠግናለች፣ እራቷን ትበላለች። እሷን ሳነብ እኔም የምኖር ይመስለኛል።"

"እንደኔ" ያለችውን ሰምቻለሁ። አንጀቴን በላችው። "በይ ለአምስተኛ ጊዜ ውሰጂው፣ ፈተና ግን እንዳትወድቂ" አልኳት።

እሷ በመለሰችው ማግስት አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ተዋሰው፤ አንብቦም ለዳይሬክተሩ ሰጠው። ዳይሬክተሩ መጽሐፉን ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ። "ይህን ያነበቡ ተማሪዎች ይታወቁ፤ ወላጅ ይጠራል። ከእረፍት በኋላ ካርዱን ቢሮ ያምጡልኝ" አሉ።

ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የምህረት ስም አምስት ጊዜ ተጽፎበታል። አባቷ ከተጠሩ ልጅቷ በዚያው ቀን ሁምቦ ትገባለች፤ ፈተናውም ቀረ፣ ከዚያ የባሰውንም ማሰብ አልፈለግሁም። ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ደልዤ አላውቅም። ካርዱን ቀደድኩት። በአዲስ ካርድ ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ፣ ከሥሩም የመምህሩን።

ዳይሬክተሩ ካርዱን ገለባበጡት። "ሁለት ሰው ብቻ?"

"እኔና መምህሩ ነን። ወላጅ ይጠራ ካሉ የኔ አባት አርፈዋል፤ የእሱን አላውቅም።"

"ወይዘሮ አበበች፣ እርስዎ ከዚህ ምን አገኙ?"

"ብስክሌት አጠጋገን።"

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። መጽሐፉም ከመዝገብ እንዲሰረዝ ታዘዘ። "ተሰርዟል" የሚለውን ማህተም ሆን ብዬ ገልብጬ መታሁበት። የተሰረዘ መጽሐፍ ይጣላል፤ ይሄኛው ቦርሳዬ ውስጥ ተጣለ። ምህረት ፈተናዋን የጨረሰች ዕለት በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት።

ባለፈው ጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ምህረት ከምትሠራበት ከተማ መጥታ ቤቴ ገባች። ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች፤ በእጇ የጻፈችው ታሪክ ነው። ባለታሪኳ የሁምቦ ልጅ ናት፣ ጋሪ ትነዳለች፣ የምታፈቅራትም አለች። "በአማርኛ ጻፍኩት እትዬ፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ልጆች" አለችኝ።

"ትሞታለች?" አልኳት መጀመሪያ።

"ኧረ አትሞትም! መጨረሻው ላይ ከእናቷ ጋር ቁርጥ በዳጣ ትበላለች።"

"ያንቺስ እናት?"

"የኔ እናት ገና ነች፣ እትዬ። የባለታሪኳ ግን 'ነይ፣ ብዪ' ብላታለች።"

እቅፍ አደረግኋት። ከዚያ ሙጫና መቀስ አምጥቼ በደብተሩ የኋላ ሽፋን ላይ ኪስ ለጠፍኩ፣ ካርድም ሠራሁለት። ካርዱ ላይ የቀን መስመር አለ፤ የስም መስመር የለውም። እስካሁን ሦስት ልጆች ከቤቴ ተውሰውት ሦስት ቀን ተጽፎበታል።

ከሥራዬ የተማርኩት ይኸው ነው። ልጅ እንደሱ ያለ ሰው እስከ መጨረሻው ገጽ የሚኖርበት መጽሐፍ ያስፈልገዋል። የላይብረሪ ሠራተኛ መጽሐፉን ይሰጣል፣ የአንባቢውን ስም አይሰጥም።