የመሪጌታው ልጅ መድረክ የወጣችበት እሑድ

ባለፈው ታኅሣሥ ከአንድ ወጣት የፊልም ዳይሬክተር ጋር ወደ አንኮበር ወጣን። ድርሰቱ የእኔ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚቀረጽበትን ቦታ በዓይኑ ለማየት ፈልጎ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጥተን ጥቂት እንደተጓዝን የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረግሁት።

"ጋሼ፣ ይበርድዎታል" አለኝ ልጁ።

እውነቱን ነው፤ ይበርዳል። ግን በየአውድማው ገብስ እየተወቃ ነበርና የጭዱ ሽታ ከብርዱ ጋር ተቀላቅሎ ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ ስድሳ ዓመት ያህል ስኖር ያንን ሽታ አግኝቼው አላውቅም። መስኮቱን መልሼ ዘጋሁና ጎረቤላ ከተማ እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገርሁም። ልጁ የታመምሁ መስሎት በየደቂቃው ዞር እያለ ያየኝ ነበር። እኔ ግን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ወር፣ በእግሬ ከአንዲት ልጅ ጎን እየሄድሁ ነበር።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ደብረ ብርሃን ስምንተኛ ክፍል እንማር ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስል የዛሬዎቹን ልጆች አታስቡ፤ ያኔ ትምህርት የሚጀመረው ዘግይቶ ስለነበር ብዙዎቻችን ጢም አብቅለናል። አባቴ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠሩ ነበር። ቤታችን ክረምት ከበጋ የበግ ጠጉር ይሸታል፤ እኔም እሸታለሁ። አባቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎናቸው ተቀምጬ ሙያቸውን እንድይዝ ይፈልጉ ነበር። እጄ ግን ለዚያ አልተፈጠረም።

መምህር ግርማ የሚባሉ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩን። አንድ ቀን ክፍል ገብተው "ለጥር የሚታይ ቲያትር የሚጽፍልኝ ማነው?" ሲሉ እጄን አወጣሁ። ቲያትር አይቼ አላውቅም ነበር። ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም። ታላቅ እህቴ ሳትጠየቅ ተድራ፣ በቅሎ ላይ ተቀምጣ ስትሄድ አይቻለሁ፤ ያንኑ ጻፍሁ። ገበሬ አባት፣ ሙሽራ ልጅ፣ ሽማግሌዎች። ቋንቋውን ግን ሰማይ ላይ ሰቀልሁት።

በዚያን ጊዜ የሴት ቦታ የሚጫወተው ወንድ ነው። ሙሽራዋን እንዲሆን የተመረጠው ከበደ የሚባል፣ ከሁላችንም ፊቱ ለስለስ ያለ ልጅ ነበር። ነገር ግን ልምምድ እንደጀመርን ድምፁ ጎረነነ። ነጠላ ተከናንቦ "አባቴ ሆይ፣ የልቤን ኀዘን ማን ይረዳልኛል?" ሲል በሬ ያገሣ ይመስላል። ክፍሉ በሙሉ እየተንከባለለ ይስቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ስንስቅ፣ ከበሩ አጠገብ ቆማ ትመለከት የነበረች ልጅ ሳትስቅ አየኋት። ይታይሽ ነበረች።

ይታይሽ የአንኮበሩ የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ናት። ለትምህርት ብላ ደብረ ብርሃን ከአክስቷ ከእትዬ በላይነሽ ዘንድ ትኖር ነበር። ክፍል ውስጥ ካልተጠየቀች አትናገርም። ያን ቀን ግን ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

"አንተ ነህ የጻፍኸው?"

"አዎ።"

"አባቷን 'አባቴ ሆይ' ብላ የምትጠራ ልጅ የት አይተሃል? ጸሎት አደረግኸው እኮ።"

ፊቴ ጋለ። "ታዲያ ምን ትበል?" አልኋት።

"መጀመሪያ ምንም አትበል። ዝም ትበል።" ከዚያ ከበደ የቆመበት ቦታ ሄዳ ቆመች። አባት ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ አየችው፤ አየችው፤ ዝም ብላ አየችው። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። "አባዬ" አለች። ሌላ አልጨመረችም። መምህር ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሽራዋ እሷ ሆነች። እኔም ማታ ማታ የጻፍሁትን ጠዋት እየሰረዝሁ፣ ትላልቁን ቃል በትንሹ እየለወጥሁ፣ ሰው እንዴት እንደሚናገር ማድመጥ ጀመርሁ። በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እየሞቅን ታስተካክለኝ ነበር። የደብረ ብርሃን ውርጭ ጠዋት ሣሩን እንደ ጨው ያነጣዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ያቺ ግድግዳ ትሞቃለች። ከዚያች ግድግዳ የበለጠ የተመቸኝ ወንበር ኖሮ አያውቅም።

ወሬው አንኮበር ደረሰ። መሪጌታ ልጃቸው ቶሎ እንድትመጣ ላኩባት። በዚያው ላይ እትዬ በላይነሽ ሌላ ነገር ነገረችን፤ ይታይሽ ለአረርቲ ጤፍ ነጋዴ ታጭታለች፤ ሠርጉ በዚያው በጥር ነው። ይታይሽ ታውቅ ነበር። ለእኔ ግን አንድ ቀንም አልነገረችኝም።

መምህር ግርማ "ሄደን እንለምናቸዋለን፤ አንተም ትመጣለህ" አሉኝ። እናቴ ጾም ስለነበር በዘይት የታሸ ጭኮ በአገልግል ሞልታ ሰጠችኝ። እትዬ በላይነሽ በበቅሎ፣ እኛ በእግር፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። መምህር ግርማ የከተማ ሰው ስለሆኑ ጫማቸው እየነከሳቸው ከበቅሎዋ ኋላ ይጎተታሉ። እኔና ይታይሽ ከፊት ነበርን። አውድማ ላይ የነበሩ ሰዎች ጠርተው ጠላ ሰጡን፤ እኛም ጭኮውን ከፈልንላቸው። በብርዱ ጠጥሮ ስለነበር አፍ ውስጥ ቀስ እያለ ነበር የሚቀልጠው።

"አዲስ አበባ ቲያትር ቤት ሴት ትጫወታለች ይላሉ፤ እውነት ነው?" አለችኝ።

"ይመስለኛል" አልኋት። ከእሷ የተሻለ የማውቀው ነገር አልነበረም።

"በየቀኑ?"

"ሥራቸው ነው መሰለኝ።"

"ሥራ!" አለችና ሳቀች። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ከቆላው ጉም እየወጣ ነበር፤ መንገዱን ሲሸፍነው የነጠላዋ ጥለት ብቻ ይታየኝ ነበር። ጉሙ ባይገለጥ ብዬ ተመኘሁ። ተገለጠ።

መሪጌታ ጥበቡ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ቅኔ የሚማሩ ተማሪዎች ጎጆ በግቢያቸው ዙሪያ ተኮልኩሏል። ያን ምሽት እግራችንን አስታጥበው፣ አብልተው፣ ስለ መጣንበት ጉዳይ አንድም ሳያነሡ አሳደሩን። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ግን ተቀመጡና ወደ መምህር ግርማ ዞሩ።

"ልጄን አዝማሪ ልታደርጓት ነው የመጣችሁ?"

"የለም፣ መሪጌታ። ትምህርት ነው። ሰው የሚመከርበት ነው" አሉ መምህር ግርማ።

"የሚመከርበት ከሆነ እኔንም ምከሩኝ። እዚሁ አሳዩኝ።"

አባት ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ደብረ ብርሃን ቀርቷል። ቃሉን በሙሉ በቃሌ የማውቀው እኔ ስለሆንሁ በእውነተኛው አባት ፊት አባት ሆኜ ቆምሁ። እናቷ ከጓዳው በር ላይ፣ እትዬ በላይነሽ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ይታይሽ ከምሰሶው አጠገብ ቆመች። "ተድረሻል፤ ነገ ይወስዱሻል" አልሁ፣ እንደተጻፈው።

እሷ ግን እኔን አላየችኝም። ያየችው እሳቸውን ነው። ዝም አለች። ውጭ አንድ ተማሪ ቅኔውን ሲያዜም ይሰማል።

"አባዬ" አለች በመጨረሻ፣ "እርስዎ ተማሪዎን ቅኔ ሲያስተምሩ እንኳ 'ገባህ ወይ?' ብለው ይጠይቁታል። እኔን ግን አልጠየቁኝም።"

ይህ በድርሰቴ ውስጥ የለም። የእኔ አባት ገበሬ ነው፤ ቅኔ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የእኔ ተራ ነበር፤ "ዝም በይ!" ብዬ መጮህ ነበረብኝ። አልቻልሁም። እናቷ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። "ይህን አንተ ነህ የጻፍኸው?"

"አይደለሁም አባቴ። ይህን እሷ ናት።"

"አውቄዋለሁ" አሉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። "ልጄ፣ ወንድ ብትሆኚ ቅኔ ቤት አስገባሽ ነበር። ስንቱን ታስንቂ ነበር።" ቀጥለውም "ቃሌን ግን ሰጥቻለሁ። ሰዎቹ ድግሳቸውን ጀምረዋል። ቃሌን አጥፌ ነገ በምን አፌ አስተምራለሁ? ያንን ልጠይቅሽ ጊዜው አልፎብኛል። ይህን ግን እጠይቅሻለሁ፤ ይኸን ቲያትር መጫወት ትወጃለሽ?" አሏት።

"እወዳለሁ አባዬ።"

"እንግዲያው ተጫወቺ። እኔም መጥቼ አያለሁ።"

ስንመለስ መምህር ግርማ ደስታቸው ወሰን አጣ። እኔ ግን መደሰትም ማዘንም አቃተኝ። እንዲህ ያለውን ስሜት ኋላ ብዙ ድርሰት ውስጥ ለማስገባት ሞክሬአለሁ፤ አንድም ቀን ልክ አልመጣልኝም።

ቲያትሩ የታየው ከጥምቀት በኋላ በዋለው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። መጋረጃ ስላልነበረን አባቴ ያላቸውን ባና ሁሉ ሰጡንና እናቴ እርስ በርሱ ሰፋችው። ከብዶ ገመዱን ሊበጥሰው ደረሰ፤ አዳራሹም በግ በግ ሸተተ። አባቴ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ቲያትሩን ሳይሆን ባናቸውን ይመለከቱ ነበር። መሪጌታ ጥበቡ በርኖሳቸውን ለብሰው ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ወንበር ሲሰጧቸው እምቢ አሉ።

እኔ ከመጋረጃው ሥር ቁጢጥ ብዬ ቃል ለጠፋው አቀብላለሁ። ያቺ ሰዓት ደረሰች፤ አባትየው "ነገ ይወስዱሻል" አለ። ይታይሽ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። ቃሉ የጠፋባት መስሎኝ በሹክሹክታ ላቀብላት ስል ፊቷን አየሁና ተውሁት። አልጠፋባትም። ወደ በሩ ትመለከት ነበር።

"አባዬ" አለች። አንኮበር ላይ ያለችውን አልደገመችውም፤ እኔ የጻፍሁላትንም አልተናገረችም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቷን አላሳፈረችም። አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ተከናነበችና ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች።

አንዲት ሴት ከመካከል ተነሥታ "ኧረ አትስጧት!" ብላ ጮኸች። ከዚያ አዳራሹ ተናወጠ። የሚያለቅስ አለ፣ የሚያጨበጭብ አለ። ወደ በሩ ስመለከት መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል።

በማግስቱ ጠዋት አባትና ልጅ ሲሄዱ እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋቸው። መሪጌታ ሆን ብለው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ በቅሏቸውን ፈጠን አድርገው ቀደሙን።

"ትናንት ያጨበጨቡት ለማን ነው?" አለችኝ ይታይሽ። "ለሙሽራዋ ነው ለእኔ?"

"ላንቺ።"

"እውነትህን?"

"እውነቴን ነው።"

"ይበቃኛል" አለች። ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ ሮጣ አባቷን ደረሰችባቸው። ዘወር ትላለች ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ሰው እስኪጠፋ ብዙ ይቆያል። አልዞረችም።

እሷን በቃት፤ እኔን ግን አልበቃኝም። በዓመቱ አዲስ አበባ ገባሁ። መጀመሪያ ቲያትር ቤት ወለል ጠረግሁ፣ ከዚያ የሌሎችን ድርሰት ገለበጥሁ፣ በኋላም የራሴ ይታይልኝ ጀመር። ራዲዮም ቴሌቪዥንም ፊልምም በየተራቸው መጡ፤ ለሁሉም ጻፍሁ። ሚስት አገባሁ፤ ነፍሷን ይማርና ይህን ታሪክ ከማንም አስቀድማ የሰማችው እሷ ናት። ስለ ይታይሽ የማውቀው ጥቂት ነው። አረርቲ ልጆች ወልዳለች፤ ባሏ ደግ ሰው ነበር አሉኝ። ደስ አለኝ። ከልቤ ነው የምለው፤ ግን ደስታውም አንዳንዴ ያማል።

ተማሪዎች መጥተው "የሴት ገጸ ባሕርያትዎን ከየት ያመጧቸዋል?" ይሉኛል። ማድመጥ ነው፣ ምናምን ብዬ እመልሳለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ድርሰቴ ያለችው ሴት ሙሽራ ነበረች። ከጥቂት ዓመት በኋላ የጻፍኋት ልጅ ያዘለች እናት ሆነች። አርባ ዓመት ሲሞላኝ፣ ወንድ ልጇን የምትሸኝ ሴት ጻፍሁ። ከዚያ ባሏ የሞተባት፤ ከዚያ የልጅ ልጅ የምታሳድግ። ሳላስበው ከእኔ ጋር እኩል አረጀች። በየጊዜው ጎበዝ ጎበዝ ተዋናዮች ተጫውተዋታል፤ እግዜር ይስጣቸው። ለብቻዬ ተቀምጬ ስጽፍ ግን የሚሰማኝ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው።

በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ጠይቆ ማወቅ ይቻላል፤ አረርቲ ዛሬ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፤ ልጆቼም "እንውሰድህ" ብለውኛል። አልሄድሁም። ጠረጴዛዬ ላይ ገና ያላለቀ ድርሰት አለ። ዋናዋ ሰው የሰማንያ ዓመት ሴት ናት፤ ብዙ አትናገርም። የምትገባበት ትዕይንት ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጣለሁ፤ እስክትናገር ድረስም እጠብቃታለሁ።