ከቡድኑ የተቀነሰ ሰው ልብስ

በአንድ የስፖርት ቡድን ልብስ አጣቢነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ሮይ የሚባለው የዕቃ ክፍል ኃላፊ መጀመሪያ ያሳየኝ ማጠቢያ ማሽኑን ሳይሆን ማሰሪያውን ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥሩ የተጻፈበት የጨርቅ ማሰሪያ አለው። ካልሲውንና የውስጥ ልብሱን እሱ ላይ ሰክቶ ይቆልፍና ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። እኛ አጣቢዎቹ ሳንፈታ አጥበን፣ አድርቀን ሎከሩ ላይ፣ ማለት የልብስ ሣጥኑ ላይ፣ እንሰቅላለን።

«ከፈታሽው የማን ካልሲ የማን እንደሆነ እግዜርም አያውቅ» አለኝ። የተረጎሙልኝ እትዬ አስቴር ናቸው። ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የማውቃቸው፣ እዚያው አብረውኝ የሚያጥቡ፣ ሥራውንም ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ቡድኑ በቴሌቪዥን የሚታየው ትልቁ አልነበረም፤ ፎርት ዎርዝ ውስጥ በአዳራሽ የሚጫወት ትንሽ የአሜሪካ ፉትቦል፣ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚጋፉበት ጨዋታ፣ ቡድን ነው። ስለ ጨዋታው የማውቀው ከላቡና ከደሙ ነው። ደም በቀዝቃዛ ውኃ ይለቃል፤ ሙቅ ካገኘው ይቀራል።

ቡድኑ ሲሸነፍ ከርሞ አዲስ አሠልጣኝ መጣ። ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ሁላችንንም፣ ልብስ አጣቢ ሳይቀር፣ ሰበሰበና «ከዚህ ሕንፃ ወሬ ከሚያወጣ ሰው ጋር አልሠራም» አለ። ያን ሰሞን ልጄን አስም ይዟት ነበር። መድኃኒቷ የሚገዛው በሥራዬ ኢንሹራንስ ነው። አፌን ዘጋሁ።

በፊተኛው አሠልጣኝ ጊዜ የሚቀነስ ተጫዋች መጀመሪያ ቢሮ ይጠራል፤ ማሰሪያው የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ይህን ለወጠ። ሮይ ጠዋት ቁጥሩን ይነግረናል፤ ልብሱን ጥቁር ፌስታል ውስጥ እንከታለን፤ ሰውየው ባዶ ሎከር ሲያይ ይገባዋል።

አንድ ጠዋት ሮይ «ሰባ አራት» አለ። ሰባ አራት ዴሪክ ነው፤ ግዙፍ፣ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና የተደረገ፣ እኔን «ማማ» የሚለኝ። ልብሱን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ሳልጨርስ ልብስ የምናቀብልበት መስኮት ላይ መጥቶ ቆመ።

«ማማ፣ ልብሴ የለም። ማድረቂያው በላው እንዴ?»

ወደ እትዬ አስቴር ዞርኩ። «ምን ልበለው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ዝም በይ፣ ሥራሽን እንዳታጪ።»

«ከከለከልኩት እኮ ነገርኩት ማለት ነው።»

«እንግዲያ ስጪውና ተባረሪያ!»

እኛ አገር መርዶ ነጋሪ አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። ማንም ሰው ብቻውን ቆሞ፣ ከባዶ ቦታ መርዶውን አይረዳም። ማሰሪያውን ከፌስታሉ አውጥቼ ሰጠሁት። «ገና ትኩስ ነው» አለና አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እያፏጨ ሄደ። ለብሶ ሜዳ ገባ።

ብዙ ሳይቆይ አሠልጣኙ ራሱ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል መጣ፤ ሮይ ከኋላው።

«ማን ነው የሰጠው?»

«እኔ» አልኩ።

«ምን ተብለሽ ነበር?»

«ወሬ እንዳላወጣ። ብከለክለው ከእኔ ይሰማ ነበር። የሚነግሩት እርስዎ ነዎት።»

እትዬ አስቴር ሲተረጉሙ ድምፃቸውን አለሰለሱ፤ ከቃሉ ግን አልቀነሱም።

አሠልጣኙ በክፍቱ በር ወደ ሜዳው ተመለከተ። ዴሪክ ወገቡን እያፍታታ ከአንዱ ጋር ይቀላለዳል። አሠልጣኙ ፊሽካውን ለሮይ ሰጥቶ ወጣ። የዴሪክን ትከሻ ይዞ በሜዳው ዳር ዳር አብረው ሄዱ። በኋላ ዴሪክ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ አሠልጣኙም አጠገቡ ተቀመጠ።

ዴሪክ ሲመለስ መስኮቱ ላይ ቆመ። «ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ፊትሽ ምንም አያስታውቅም። ቁማር መጫወት ነበረብሽ» አለኝ። አልሳቀም። ማሰሪያውን ፈቶ መለሰልኝና ላብ የጠጣውን ልብስ ሳይታጠብ ይዞት ሄደ።

አልተባረርኩም፤ ያመሰገነኝም የለም። ከዚያ ወዲህ ሮይ ቁጥር የሚነግረን ሰውየው ከቢሮ ከወጣ በኋላ ሆነ። ቡድኑ ያን ዓመትም ብዙ አላሸነፈም።

ለአዳዲስ አጣቢዎች ይህን እላለሁ፦ የልብስ ክፍል ሰው ብዙ ነገር ቀድሞ ያውቃል፤ መናገሩ የእኛ ሥራ አይደለም። ሰውየው እስኪነገረው ድረስ ግን የቡድኑ ተጫዋች ነው፤ ልብሱ ታጥቦ ይሰቀል።